ለአርጃኖ ስንት ክንድ?

ለከብት በረት አለን። ለበግና ለፍየል ጉረኖ፣ ለበቅሎ ጋጣ፣ ለዶሮ ቆጥ፣ ለንብ ቀፎ አለን። ላስታ የተወለደ ልጅ እነዚህን ቃላት ማንም ሳያስተምረው ከነልካቸው ያውቃቸዋል። በረት ሊሠራ ሜትር የያዘ ገበሬ እኛ አላየንም። ቆም ብሎ በዐይኑ ይመትርና፣ «ሁለት በሬና ሦስት ላም ተጠጋግተው ይተኙበታል» ይላል፤ አለቀ። ከብቱ ከታች፣ ሰው ከፎቁ ላይ በሚያድርበት በክቡ የድንጋይ ቤታችንማ ጠበብ ማለቱ ይወደዳል፤ የከብቱ ትንፋሽ ለባለቤቱ ብርድ ልብሱ ነው።

ለአርጃኖ ግን ቃል የለንም። የሚያስረው ሰው ስላልነበረ ለሚታሰርበት ቤት ስም ያወጣ የለም።

ጥያቄው የመጣብን በጥር፣ በአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት ነው። እኛ ማለት ከአንድ አያት የተወለድን ሁለት ተማሪዎች ስንሆን፣ አንዳችን ቋንቋ አንዳችን ታሪክ እናጠናለን። (በመካከላችን አንድ የባዮሎጂ ተማሪ ቢኖር ኖሮ ይህች ጽሑፍ ግማሽ ገጽ በሆነች።) መንደራችን ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የምትበልጥ ደጋ ናት። ቤት ስንደርስ የአጎታችን ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ብላቴና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ እጃችንን ይዞ ወደ ጓሮ ጎተተን። ከዋግ ቆላ ፍየል እየነዳ ለቅዳሜ ገበያ የሚወጣ አንድ ነጋዴ ትንሽ አርጃኖ በጆንያ አምጥቶለታል። ስንት እንደ ከፈለበት እስከ ዛሬ አልነገረንም።

አርጃኖን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ እንሽላሊትን ያስብና ያሳድገው። አንገቱ ረዘም ያለ፣ ምላሱ እንደ እባብ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ጥፍሩ ስለት፣ ጅራቱ ጅራፍ ነው። የዓባይ አርጃኖ የሚባለው የወንዝ ዳሩ ዓይነት ሲያድግ 2 ሜትር ይሞላል፤ የሚያልፍም አለ። ይዋኛል፣ ዛፍ ይወጣል፣ ጉድጓድ ይምሳል፤ እንቁላል በለው፣ ዓሣ በለው፣ አይጥ በለው፣ ያገኘውን አይመልስም። የልጁ አርጃኖ ገና አንድ ክንድ ከስንዝር ነበር።

ልጁም ቤት ሠርቶለታል። ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ስፋቱ አንድ ክንድ ከስንዝር የሆነ የድንጋይ ካብ ክቦ፣ ከላይ እንጨት ረብርቦበታል። «ዞሮ ይተኛበታል» አለን፣ ልክ እንደ አባቱ ድምፁን አወፍሮ።

«ይተኛበታል» የምትለው ቃል ናት ያቆመችን። የበረት ሁሉ መለኪያ እርሷ ናት። በረትም ጉረኖም ጋጣም ቆጥም የሌሊት ቤቶች ናቸው። ላሚቱ ጧት ትወጣለች፤ መስኩ፣ ተረተሩ፣ ምንጩ ቀኑን ሙሉ የእርሷ ነው፤ ማታ የምትገባበት ለመኝታ ከበቃት ይበቃታል። ንብም ቀፎው ውስጥ ተዘግቶ አይውልም። አያቶቻችን ጠባብ ቤት የሠሩት ጨክነው ሳይሆን ሰፊው ቤት ውጭ ስለነበረ ነው። ለአርጃኖው ግን ጧት በር የሚከፍትለት የለም። የሚያድርበትም ይኸው፣ የሚውልበትም ይኸው፣ የሚሞቅበትና የሚሸሸግበትም ይኸው። ለመኝታ የተለካ ቤት ለኑሮ ተሰጠው።

«ለምዷል እኮ! እዩት!» ይላል ልጁ። እውነትም ጧት ሲያነሣው እንደ ማገዶ ቁራጭ ዝም ነው። አክስታችን ሳይቀሩ፣ «ምን ያለ ጨዋ አውሬ ነው እናንተዬ!» ብለዋል። ቀትር ላይ ልጁ አውጥቶ የሞቀ ድንጋይ ላይ ሲያኖረው ግን ያው ጨዋ አውሬ ሰውነቱን ነፋና እንደ እባብ ተንፍሶ የልጁን ክንድ በጅራቱ ሾጥ አደረገው። ጧት ያጨመተው ብርዱ ነበር፤ መልመድ የሚባል ነገር አልነበረም።

እንሽላሊትና ዘመዶቹ የሰውነታቸውን ሙቀት የሚበደሩት ከውጭ ነው። አርጃኖ እንደ ልቡ ሊንቀሳቀስና የበላውን ሊፈጭ ሰውነቱ 35 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። ካልደረሰ የዋጠው ነገር ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲከፋም እዚያው ይበሰብሳል። እንግዲህ ልጁ ከእናቱ ደብቆ የሚያቀርብለትን እንቁላል ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነካ የተወው ጠግቦ አልነበረም። እንዲህ የሚከርም ከሆነ ዕድሜውም በሳምንታት የሚቆጠር መሰለን። ነገሩ ከጨዋታ ያለፈው ይህን ጊዜ ነው።

ታዲያ ምን ያህል ቤት ይበቃዋል? ስልክ በሚይዝበት ኮረብታ ላይ ወጥተን ስናነብ ዋልን። በውጭ አገር አርጃኖን በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች አሉ፤ የሚመክሩትም ልክ አላቸው። ሳቫና አርጃኖ ለሚሉት፣ ከአንድ ሜትር ብዙም ለማያልፈው ወገን፣ ቢያንስ ርዝመቱ 2.4፣ ስፋቱ 1.2፣ ከፍታው 1.2 ሜትር ይሁን ይላሉ። የሚምሰው ጥልቅ አፈር ይኑረው፤ በአንደኛው ጫፍ የሚሞቅበት ድንጋይ 50 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይድረስ፤ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ይበል። አውሬው ሲበርደው ወደዚህ፣ ሲግለው ወደዚያ እየሄደ ሙቀቱን ራሱ ይመጥናል። ይህች ምክር ደስ አሰኘችን። የቤቱ ስፋት የሚለካው በአውሬው ቁመት ብቻ አይደለም፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ባለው ልዩነትም ነው ማለት ነውና። ሁለቱም ጫፍ ብርድ ከሆነ መቶ ክንድ ቢሰጡት ያው ብርድ ነው።

ችግሩ፣ በእነርሱ ቤት ፀሐይ ማለት ከጣሪያ የተንጠለጠለች አምፖል መሆኗ ነው። በእኛ መንደር መብራት የለም። አምፖሏን አንሥተን የላስታን ፀሐይ ስንተካ ያው ልክ ምን ይሆናል?

አርጃኖ ካብ ይወጣልና ግንቡ ከ1 ሜትር ተኩል አይነስ ብለን፣ የዚያን ያህል ዘንግ አውድማው ላይ ተክለን ጥላውን ስንለካ ዋልን። (የጎረቤት ሰው ሁሉ ተራ በተራ መጥቶ አየን። «የተማረ ልጅ ጥላ ይሰፍራል» ተባለ።) ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጥላው ወደ 3 ሜትር ተጠጋ። ቀትር ላይም፣ በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጥላ ነበረ። እንግዲህ የውጭዎቹን ልክ ወስዳችሁ ርዝመቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አድርጉት። ጧት ወለሉ በሙሉ ጥላ ነው። ቀትር ላይ ከ1.2 ሜትሩ ስፋት ለአርጃኖው የሚተርፈው ፀሐይ አንድ ስንዝር ያህል ነው። አንድ ስንዝር! ለእነርሱ ቤት የሆነው ልክ ለእኛ መቃብር ነው።

ስንደምር ስንቀንስ፣ ርዝመቱ 6 ስፋቱ 4 ሜትር ቢሆን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከወለሉ ሲሶውን ፀሐይ ያገኘዋል። ከወንዙ ዓይነት ሆኖ 2 ሜትር ቢደርስም ሁለት ቁመቱን የሚራመድበት ቦታ አይጠፋም። ይህን ለአያታችን አቀረብን። እርሳቸው ገመድ እየገመዱ በጥሞና ሰሙንና፣ «እና ይኼ 6 በ4 የምትሉት ሜዳ የት ነው ያለው?» አሉ።

ዙሪያችንን አየን። ቁልቁለት፣ እርከን፣ ገደል። በግቢው ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የማይለየው ደልዳላ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ገና ገብስ ያልተነሣበት አውድማ።

«አውድማዬን? ለእንሽላሊት?»

«አርጃኖ ነው፣ አባባ» አለ ልጁ።

አባባ ግን ነገር በንቀት የሚጥሉ ሰው አይደሉም። ትንሽ ቆይተው፣ «የደቡቡን ግንብ ለምን ዝቅ አታደርጉትም? በጭቃ ለስልሶ ከተመረገ ጥፍሩ ምን ይይዛል?» አሉ። ሸጋ ሐሳብ ነው። ጥላው ያጥራል፣ ቦታውም ይቀንሳል። ልጁም ወዲያው ተነሣና የራሱን አመጣ፤ ወደ ላይ ከመካብ ወደ ታች ብንቆፍርስ? ለላሊበላ ልጅ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር ገደማ ቁልቁል ከአለት የወጣ ነው፤ ልጁ በየበዓሉ ከአፋፉ ቆሞ ያየዋል። ዳሩ ግን ከአፋፉ ቆሞ ያየ ሰው ጧት ከታች ያለውን ጥላም ያውቀዋል። ጉድጓድ ከግንብ የባሰ ፀሐይ ይከለክላል። ለመሸሸጊያ ከሆነ ግን ልጁ አልተሳሳተም፤ አፈር ውስጥ የሌሊቱ ብርድ እንደ ውጭው አይከፋም። በካቡ ጥግ አንድ ክንድ የሚገባ ጉድጓድ በገሶ ቆፈረለት። አርጃኖው በዚያው ከሰዓት በኋላ ገባበትና ጅራቱ ብቻ ቀረ። ካየናቸው ቀናት ሁሉ የፈለገውን ያደረገ የመሰለን ያን ቀን ብቻ ነው።

የቀረው ክረምቱ ነበር። ምርጉ በሐምሌ ዝናብ ይታጠባል እንበልና እንደገና ይመረጋል። ፀሐዩስ? ሐምሌና ነሐሴ በላስታ ደጋ ምን እንደሚመስሉ ለአገሩ ልጅ አይነገረውም። ጉሙ ሲወርድ ሰው ራሱ ምድጃ ዳር ነው። ያን ጊዜ 6 በ4 ቢሆን፣ አውድማው በሙሉ ቢሆን፣ ከአውድማው የታችኛው እርሻ ቢጨመር፣ የሚሞቀው ጫፍ አይኖርም። እስከዚህ ድረስ ስፋቱን ስንጨምር ሙቀት እየጨመርንለት ነበር፤ በክረምት ግን ቦታ ሙቀት አይገዛም። እኛ ሐሳባችንን የቆረጥነው እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ግን በቀላሉ አልተረታም። «አዲስ አበባ አንበሳ ታጥሮ ይኖራል ብላችሁ ራሳችሁ ነግራችሁኝ የለም እንዴ?» አለን። ነግረነዋል። በስድስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርስቲው እልፍ ብሎ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ስላቋቋሙት የአንበሳ ግቢ ከአንድም ሁለት ጊዜ አውርተንለታል። የዘውድ ምልክት የነበረው አንበሳ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ሲመላለስ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ጥቂት እርምጃ፣ መዞር፣ ጥቂት እርምጃ፣ መዞር። ያ ቤት ለአንበሳው መኝታም ለአንበሳው ኑሮም የተለካ አልመሰለንም፤ የተለካው ለቆመው ሰው ዐይን ነው። አንበሳው ሩቅ ከሄደማ ትኬት የቆረጠ ሰው ምን ያያል? ለልጁ ይህንኑ ነገርነው። «እኔ ሳላየውም ይሁን፣ ብቻ ይኑር» አለ።

ሕግም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል። በዱር እንስሳት ላይ የሚደረገውን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1989 የገባችበት፣ አርጃኖዎችን በሙሉ በመዝገቡ ይዟል፤ ቆዳቸው ለጫማና ለቦርሳ ሲፈለግ ኖሯልና። ይህን ስናነብላቸው አባባ፣ «መንግሥት አርጃኖ ቆጥሮ ያውቃል?» ብለው ሳቁ። በሕጉ ለመከራከር ግን ጊዜ አልነበረንም፤ እንቁላሉ ሳይነካ አምስተኛ ቀኑን ይዟል።

ቅዳሜ ነጋዴው ተመልሶ መጣ። አርጃኖውን ካመጣበት ወንዝ ዳር እንዲመልሰው ስንለምነው መጀመሪያ የቀለድን መሰለው። በኋላ አባባ አንድ ቁና ገብስ ሰፍረው ሲሰጡት የምራችን መሆኑን አመነ። ልጁ አርጃኖውን ራሱ ጆንያ ውስጥ አስገባው፤ ጧት ስለነበረ አልታገለውም። አፉን አሰረና፣ «ማርያምን ይበሉ» አለ። ነጋዴው ማርያምን አለ።

በሳምንቱ ሻንጣችንን አዘጋጅተን ሳለ ነጋዴው ገበያ መውጣቱን ሰምቶ ልጁ እየሮጠ ወረደ። ምሳ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ምን አለህ ብንለው፣ ለቅቄዋለሁ አለኝ አለ። ያ ብቻ? እርሱ የጠየቀው ሌላ ነበር። በስንት ሰዓት ነው የለቀቁት? ፀሐይ ነበር ወይ? «ቀትር ላይ ነው፤ ድንጋዩ እግር ያቃጥል ነበር» ብሎታል ሰውየው።

የካቡ ድንጋይ በሦስተኛው ቀን ወደ እርከኑ ተመልሷል። ጉድጓዱን ግን ልጁ አላስደፈነም፤ አሁን ከአክስታችን ዶሮዎች አንዷ ቆጡን ትታ እዚያ ትጥላለች፣ እንቁላሉንም ለማውጣት የሚበቃ ቀጭን ክንድ ያለው እርሱ ብቻ ነው።