ከግድግዳው ማዶ ያለው ድምፅ



ዛሬ የራሳችንን ጥፋት ልንነግራችሁ ነው። እዚህ አውስትራሊያ ለትምህርት መጥተን አንድ ቤት የተከራየን ሦስት ሐበሻ እህቶች ነን። አራተኛዋ የቤት ተጋሪያችን ቤተሰቦቿ ከሊባኖስ የመጡ ሙስሊም ናት። ሱብሒ ሰግደን ጋደም ልንል ስንል ከክፍሏ የሞተር ድምፅ ይነሣል፤ ረጅም ሳል ይከተለዋል። ማታም እንዲሁ። እናጉረመርም ነበር። ረመዳን ሲገባ ደግሞ በቀን ስትበላ አየናት። ፊት ለፊት ምንም አላልንም፤ በልባችን ግን ፈረድንባት።

አንድ ማታ «ድምፁን ቀንሺልን» ልንላት በሯን አንኳኳን። ጭጋግ የሚያወጣ መሣሪያ በእጇ ይዛ ከፈተችልን። «ጠዋት እንዳልቀሰቅሳችሁ ብዬ እኮ ሰግዳችሁ እስክትጨርሱ የምጠብቀው» አለችን። አፈርን።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ አለባት፤ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ በሽታ ነው። ጨውና ውሃ በአየር ቧንቧዎች ገጽ ላይ በወጉ ስለማይዘዋወሩ አክታው ይወፍራል፤ ጀርምም ይራባበታል። ስለዚህ መጀመሪያ የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ጨው ደረትን ሊያጠብ ይችላላ! ቀጥሎ 7 በመቶ ጨው ያለበትን ውሃ በጭጋግ መልክ ትስባለች። ጨው ውሃን ወደ ራሱ ስለሚስብ አክታው ይቀጥናል። ያ ያማረርነው ሳል አክታውን ማውጫዋ ነበር። በቀን አንዴ ደግሞ ዶርኔዝ አልፋ ትስባለች። ከጀርም ሲዋጉ የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች የሚተዉት ዲ.ኤን.ኤ. አክታውን ያጣብቀዋል፤ መድኃኒቱ እሱን ይቆራርጠዋል።

እዚሁ አገር ሐኪሞች፣ በባሕር ሞገድ ላይ የሚንሳፈፉ የዚህ በሽታ ሕሙማን ሳንባቸው የተሻለ እንደሆነ አስተውለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 164 ሕሙማንን ለ48 ሳምንት ተከታትሎ፣ ይህን ጨው በቀን ሁለቴ የሳቡት ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ጊዜ እንደሚቀንስ አሳየ። ፈውስ ግን አይደለም፤ አንድ ቀን ቢቀር አክታው ይጠራቀማል።

ቆሽቷም ስለተጎዳ ከምግብ ጋር ኢንዛይም ትወስዳለች፤ ክብደቷ እንዳይቀንስ ሐኪሞቿ ጾም ከልክለዋታል። አላህ ለታመመ ያገራውን እኛ ልናከብድባት ነበር።

በሽታዋ ወደ እኛ አይተላለፍም፤ የእኛ ጉንፋን ግን ሆስፒታል ሊያስተኛት ይችላል። አሁን ያስነጠሳት ማስክ አድርጋ ራቅ ትላለች። እሷ መሣሪያዋን ስታጥብና ስትቀቅል፣ ሳህኑን የምናጥበው እኛ ነን። ሰፍ ላይ አጠገባችሁ የሚያስል ወይም በረመዳን ቀን የሚበላ ስታዩ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት የእኛን በር አስታውሱ።

አላህ ለእሷም ለታመሙት ሁሉም ሺፋውን ይስጥ፤ እኛንም ከመጥፎ ጥርጣሬ ይጠብቀን። አሚን።