ግድግዳ የሚገፋ ኤሊ

ቤት ውስጥ ኤሊ የሚያሳድጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። እንስሳው የመስታወት ሳጥኑን ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይቧጥጣል፣ ከጥግ ጥግ ይመላለሳል፣ ሽቅብ ሲታገልም ተገልብጦ በጀርባው ይቀራል። የሚሰጣቸው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ሞኝ ነው፣ መስታወቱ አይታየውም» ወይም «ጠባዩ ነው፣ ይለምዳል» የሚል ነው። ሁለቱም ጥፋቱን ከቤቱ አንስተው በእንስሳው ላይ ይጭናሉ። እኔ ግን በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት ቤቱ ነው እላለሁ።

ኤሊ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። የበላው እንዲፈጭለትና ጡንቻው እንዲታዘዘው ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ መመላለስ አለበት። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ባለው የሳህል ደረቅ ምድር የሚገኘውን፣ ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ በየቤቱ የሚያድገውን ሱልካታ እንውሰድ። በትውልድ ቦታው ሐሩሩን የሚያሳልፈው ራሱ በቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እዚያ አየሩ ከውጭው ይልቅ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ይህን ቆፋሪ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሙቀት ባለው ሳጥን ውስጥ ብናስቀምጠው የሚፈልገውን ጥግ አያገኝም፤ ስለዚህ ፍለጋውም አያበቃም። አፈር ውስጥ ተቀብሮ ሲውል «ታመመ» ብሎ መዛቅም ያው ስህተት ነው፤ እርጥበት እየፈለገ ሊሆን ይችላል። 

«ሞኝ ነው» ለሚሉት፣ አና ዊልኪንሰንና ባልደረቦቿ በ2010 ያወጡት ጥናት አለ። ቀይ እግር ኤሊዎች ከአጥር ማዶ ምግብ ተቀመጠላቸው። ሌላ ኤሊ አጥሩን ሲዞር ያላዩት ዞረው መድረስ አቃታቸው፤ ያዩት ግን ተሳካላቸው። ውጤቱ እርግጥ ለተቃዋሚዬም ይጠቅማል፤ ብቻውን ለሆነ ኤሊ ማዶው የሚታይ አጥር በእርግጥም ከባድ እንቆቅልሽ ነው። የመስታወቱን የታችኛውን ክፍል በወረቀት መሸፈን የሚመከረውም ለዚህ ነው። ነገር ግን አይቶ የሚማር እንስሳ ሞኝ አይባልም፤ ወረቀቱም ቢሆን የሚያስተካክለው ቤቱን ነው።

«በዱርም ይንከራተታል» የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል። ወንዱ በመራቢያ ወቅት ይዞራል፤ እንቁላል ልትጥል የደረሰች ሴትም እየቆፈረች ትቅበጠበጣለች። ስለዚህ መራመድ ሁሉ የጭንቀት ምልክት አይደለም። እየተራመደ ቆም ብሎ የሚግጥ፣ ፀሐይ የሚሞቅ፣ ከዚያም መንገዱን የሚቀጥል ኤሊ ደህና ነው። ምግቡንና ጥላውን ትቶ ወደዚያው ግድግዳ የሚመለሰው ግን ቴርሞሜትር ያስፈልገዋል፤ የሞቃቱም የቀዝቃዛውም ጥግ ይለካ። አንዳንዴ ግን መለካት አይበቃም። ሱልካታ መዳፍ ላይ በሚያርፍበት ዕድሜው ይሸጣል፤ ሲያድግ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊረዝምና 100 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ቆፋሪ ምንም ቢስተካከል የሚበቃው ሳሎን የለም፤ ሻጩ ይህን ከሽያጩ በፊት መናገር ነበረበት።