ሩብ ኪሎ ቡና ማውስ ላይ

ለጌም የሚሆን ማውስ ፓድ መገምገም ውጭ አገር ላለ ሰው ቀላል ነው። ያዛል፣ ጥቂት ሳምንት ይሞክራል፣ ካልተስማማው ይመልሳል። እኛ ጋ ግን ባንኮኒው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያለን ጊዜ ባለሱቁ ሌላ ደንበኛ እስኪሸኝ ድረስ ያለችው ሦስት ደቂቃ ናት። በዚያች ሦስት ደቂቃ አብዛኛው ሰው ፓዱን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርግና «ኧረ ሲለሰልስ!» ብሎ ይገዛል።

እኔ የምላችሁ፣ የለሰለሰውን ተዉት፣ ጠንከር ያለውን ውሰዱ። ለምን እንደሆነ ግን ትንሽ ረዘም ያለ ታሪክ አለው።

ታናሽ ወንድሜ ዱባይ ነው፤ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። በስልክ የምናወራው «ደህና ነህ? ደህና ነኝ። እማዬስ? ደህና ናት» ነው፤ ከዚያ ዝም። ቫሎራንት ስንጫወት ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አፋችን አይዘጋም። በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው መሀል ስለ አለቃው፣ ስለ አልጋ ኪራይ፣ ሊያገባት ስለሚያስባት ልጅ ሁሉ ያጫውተኛል። ችግሩ ጨዋታው ደረጃ አለው። ሁለት ሰው አብሮ የደረጃ ግጥሚያ ውስጥ ለመግባት ደረጃው መቀራረብ አለበት፤ ሲልቨር ከጎልድ ጋር መሰለፍ ይችላል፣ ከፕላቲነም ጋር ግን አይችልም። እሱ ጎልድ ሦስት ደርሶ ፕላቲነምን ሲያንጋጥጥ እኔ ሲልቨር ላይ ወጣ ገባ እል ነበር። ያለ ደረጃም መጫወት እንደሚቻል አውቃለሁ። ግን ልጁ ከሥራ ወጥቶ የምትተርፈውን ሁለት ሰዓት ደረጃው ላይ ማዋል ይፈልጋል፤ አልፈርድበትም።

ስለዚህ ስክሪኑን ትቼ እጄን ማየት ጀመርኩ። ዙሩ ሲጀመር እጄ ቀላል ነው። ጓደኞቼ አልቀው ብቻዬን ለሁለት ስቀር ግን ማውሱን ሳላስበው ወደ ታች እጫነዋለሁ። አጠገባችሁ የሚጫወት ሰው ካለ እዩት፣ ሁሉም ይጫናል። ፓዱ ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅ ከሆነ የማውሱ እግሮች ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ጨርቁ በጠርዛቸው ዙሪያ እንደ ትንሽ ጉብታ ይነሳል። ማውሱን ለማስነሳት ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ያ ጉልበት ትርፍ ይሆንና ኢላማው ከጠላት ጭንቅላት አልፎ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ሴንሰሩ ጥፋት የለበትም። እሱ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ፎቶ እያነሳ ልዩነቱን ያሰላል እንጂ ስለ ጭንቀቴ የሚያውቀው ነገር የለም።

ይሄ እንግዲህ ግምት ነው። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ግምቱን ካልለካው እንቅልፍ አይወስደውም። ከአሮጌ መደርደሪያ 40 ሳንቲ ሜትር ጣውላ አወጣሁ። ሦስት ፓድ አሰለፍኩ፤ የነበረኝ ለስላሳው፣ ወንድሜ በመንገደኛ የላከልኝ ጠንካራ ጨርቅ፣ ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩት ጠጣር ፕላስቲክ። ፓዱን ጣውላው ላይ አንጥፌ፣ ማውሱን አስቀምጬ፣ የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ እያልኩ ማንሳት። ማውሱ መንሸራተት የጀመረበትን ከፍታ በማስመሪያ መለካት። በቃ፣ ይኸው ነው ላቦራቶሪው።

ባዶ ማውስ ለስላሳው ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ተንሸራተተ። ጠንካራው ጨርቅ ላይ 10 ተኩል። ፕላስቲኩ ላይ 6። አያችሁ፣ ጠንካራው ጨርቅ ከለስላሳው አይፈጥንም፤ እንዲያውም ትንሽ ይዘገያል። ሱቅ ውስጥ ብቻ ብትሞክሩት ልዩነት የለም ብላችሁ ትወጣላችሁ።

ከዚያ ሩብ ኪሎ ጥሬ ቡና በፌስታል ቋጥሬ ማውሱ ላይ በላስቲክ አሰርኩት። የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ እንደሚለው ክብደት መጨመር የሚንሸራተትበትን ከፍታ መለወጥ የለበትም፤ የሚጫነውም የሚጎትተውም እኩል ስለሚጨምር ይጣፋሉ። ፕላስቲኩ ደንቡን አከበረ፣ እዚያው 6 ላይ። ጠንካራው ጨርቅ ወደ 11 ከፍ አለ። ለስላሳው ግን 13 ደረሰ። በፍትጊያ መለኪያ ስናሰላው ከ0.26 ወደ 0.34 መሆኑ ነው። ማለትም ለስላሳ ፓድ ላይ የምትጫወቱ ሰዎች ስትረጋጉ አንድ ፓድ፣ ስትጨነቁ ሌላ ፓድ ነው ያላችሁ። እጃችሁ የትኛውን ይልመድ?

(እማዬ ቡናዋን ማውስ ላይ ታስሮ ስታገኘው ምንም አላለችም። ፈታችና ቆላችው።)

አንድ ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው ሳቀብኝ። «ፒንግህ 150 ሆኖ ፓድ ትለካለህ?» አለ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ወንድሜ ባሕሬን ላለው ሰርቨር ጎረቤት ነው፣ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ የምልከው ዳታ የት የት ዞሮ እንደሚደርስ እሱ ነው የሚያውቀው። ግን 150 ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ 150 የሆነ ፒንግ ይለመዳል፤ ቀድማችሁ ትተኩሳላችሁ፣ ማዕዘን ላይ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። የሚገድለው አንዴ 90 አንዴ 220 የሚለው ነው። ፓዱም ያው ነው። የኬብሉን ነገር እኔ አላስተካክለውም፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ግን እችላለሁ።

«እንግዲያው ፕላስቲኩን ለምን አልወሰድክም?» ካላችሁ፣ በቁጥር አሸናፊው እሱ ነበር። ግን አንደኛ፣ በጣም ያንሸራትታል፤ ማስነሳቱ ቀላል ነው፣ ማቆሙ ግን የእጅ ሥራ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ይጮኻል። የእኔንና የእማዬን ክፍል የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ «አንተ ልጅ፣ ምንድነው የምትፍቀው?» የሚል ድምፅ መጣ። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ በጋ ላይ አቧራችንን ታውቁታላችሁ። ጨርቅ አቧራውን ይውጠዋል፣ ፕላስቲክ ላይ ግን እህል እንደሚፈጭ ድንጋይ ከማውሱ እግር ሥር ይንኳኳል፣ የማውሱንም እግር ቶሎ ይበላዋል። ትርፍ እግር ደግሞ እኔ በየሱቁ ጠይቄ አላገኘሁም። ጨርቅም ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ትንሽ ይከብዳል፤ እሱን ግን እችለዋለሁ።

ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የገባ ዕቃ ሁለት ጊዜ አስባችሁ ነው የምትገዙት። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያለችውን ሦስት ደቂቃ በአግባቡ ተጠቀሙባት። የራሳችሁን ማውስ ይዛችሁ ሂዱ። ባንኮኒው ላይ አንጥፉት፣ ማውሱን በጣም ጫን ብላችሁ ትንሽ፣ የአንድ ጥፍር ያህል ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሩ። ተጣብቆ ቆይቶ ዘለል ካለ ይቅርባችሁ። ረጅም ርቀት እያመላለሱ መሞከር ምንም አይነግራችሁም። ገልብጣችሁ የሥሩን ላስቲክ እዩት፤ ፓዱ ራሱ ጠረጴዛው ላይ የሚሄድ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ዳር ዳሩ የተሰፋ ከሆነ ክሩ የእጃችሁን አንጓ እንዳይፍቅ በክንዳችሁ ዳስሱት። እኔ ቀን ስምንት ሰዓት ኮድ የምጽፈው በዚሁ እጅ ነው።

ውፍረትንም ጥራት አታድርጉት። የስቲልሲሪስ ክዊክ ሄቪ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሎጂቴክ ጂ240 ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር። ስሱ ጨርቅ ሊሰምጥበት የሚችል ቦታ የለውም፤ ጠንካራ የሚያደርገው ሥሩ ያለው ጠረጴዛ ነው። ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ገንዘብ የማያጥረው ደግሞ የጃፓኑን አርቲሳን ይጠይቅ፤ አንዱን ጨርቅ በሦስት ዓይነት ስፖንጅ ይሸጣሉ። ከሦስቱ ጠንካራው «ሚድ» የሚባለው ነው፣ ስሙ መካከለኛ ቢመስልም እንዳትሸወዱ።

የእኔው ከዱባይ የመጣው ተጠቅልሎ ስለነበር ጫፉ ወደ ላይ ተቆልምሞ አልተኛም አለ። ሁለት ሌሊት ፍራሽ ሥር አሳደርኩት፣ ተስተካከለ።

አሁን ጎልድ አንድ ነኝ። ፓዱ ነው ያደረገው አልልም፤ ሦስት ወር በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ልምምድ ላይ ተኩሻለሁ፣ መብራት ካልጠፋ። ወንድሜ ፕላቲነም ገብቷል፣ ጎልድ ደግሞ ከፕላቲነም ጋር መሰለፍ ይፈቀድለታል። ቅዳሜ ማታ ሦስት ጨዋታ ተጫውተን ሁለቱን ተሸነፍን። ልጅቷም እሺ ብላዋለች።