ወገቤን ያሳመመኝ ፑሉ ሳይሆን አጎነባበሴ ነበር

ዛሬ የራሴን ጉድ ላጫውታችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ፑል መጫወት እወዳለሁ። አምና ግን ሁለት ጌም ሳልጨርስ ወገቤን ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። ታካሚዎቼን «ዕቃ ስታነሱ ጀርባችሁን አታጉብጡ» እያልኩ፣ እኔ ማስታገሻ ውጬ እጫወት ነበር። ጭራሽ ልተወው ስል አንዱ ጓደኛዬ በስልኩ ቀረጸኝ። ሳየው አፈርኩ፦ ሁለቱም ጉልበቶቼ ተገትረው፣ ጀርባዬ እንደ ቀስት ጎብጧል።

ከዚያ የስኑከር ተጫዋቾችን አቋቋም ተለማመድኩ፦

✅ በቀኝ እጅ የምትመቱ ከሆነ ቀኝ እግር በምቱ መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ግራው ወደ ፊትና ወደ ጎን ወጣ ብሎ ጉልበቱ ይታጠፍ።
✅ የሚታጠፈው ዳሌ ነው፤ ጀርባ ቀጥ ይበል።
✅ ስቲኩን ላላ አድርጋችሁ ያዙት፤ እጃችሁ ከክርን በታች ብቻ ይወዛወዝ። አጥብቆ መያዝ ክርንንና የእጅ አንጓን ያደክማል፣ ምቱንም ያጣምማል።
✅ ኳሷ ተመትታ እስክትሄድ ጭንቅላታችሁን አታንሱ።
✅ ተራ ስትጠብቁ ቀና ብላችሁ ተንቀሳቀሱ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሕመሙ ቀለለኝ፤ ኳሷም ቀዳዳዋን ማግኘት ጀመረች። ማስታገሻው ለካ ስህተቴን ሲሸፍንልኝ ነበር የከረመው።

⚠️ ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ወይም እግር ከደነዘዘ ሐኪም ይያችሁ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም በብልት አካባቢ መደንዘዝ ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

መልካም ጤና! ፑል ለሚወድ ጓደኛችሁ አጋሩት።