የላላ ጡንቻ ይጠነክራል

የጠፍር አልጋ ያለው ሰው ያውቃል። ጠፍሩ ሲላላ አልጋው ይረግባል። ሲወጠር ይጠነክራል። በዳሌያችን ሥርም ፊኛንና ማሕፀንን የሚደግፍ ጡንቻ አለ። ወሊድና ከባድ ሸክም ያላሉታል።

እኔም አራት ከወለድሁ በኋላ ሳስልና እንስራ ሳነሳ ሽንት ያመልጠኝ ጀመር። ማኅበር መቀመጥ አፈርሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ሆስፒታል ላከችኝ። ቢላ ይጠብቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቢላም መርፌም የለም። ሕክምናው ፊዚዮቴራፒ ይባላል። ጡንቻን በልምምድ ማጠንከር ነው።

ባለሙያዋ በሩን ዘጋች። ስንት እንደወለድሁ፣ ሽንት መቼ እንደሚያመልጠኝ ጠየቀችኝ። «ልመርምርሽ ወይ?» ብላ አስፈቀደችኝ። እምቢ ማለትም ይቻላል። እሺ አልኋት። ጓንት አድርጋ በጣቷ መረመረችኝ።

ከዚያ እንዲህ አስተማረችኝ፦ ሽንትና ፈስ እንደምትይዢ ጡንቻውን ወደ ውስጥ ሳቢ። 5 እስክትቆጥሪ ያዢ። ልቀቂና እረፊ። 10 ጊዜ ድገሚ። በቀን 3 ጊዜ ሥሪ። ትንፋሽሽን አታፍኚ። ጭንሽን አታጥብቂ።

ቶሎ አይድንም። 3 ወር ያህል ይፈጃል። እኔ ቡና እያፈላሁ እሠራዋለሁ፤ ማንም አያውቅብኝም። ዛሬ ሳስል አልሳቀቅም።

ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት ግን ፌስቱላ ሊሆን ይችላል። እሱ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል በነጻ ያክማል።

እህቶቼ፣ እርግማን ነው የሚሏችሁን አትስሙ። ሳታፍሩ ለጤና ሠራተኛ ንገሩ።