ደመና ላይ የተቀመጠ ደብዳቤ

ለእኛ ለሐሙሲት ልጆች ደመና ማለት በክረምት ከጉና በኩል ጠቁሮ ሲመጣ እህል ያሰጣ ሰው ሁሉ የሚሯሯጥበት ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ግን ሌላም ደመና እንዳለ ተነገረን። ደብዳቤያችንም፥ ፎቶግራፋችንም፥ የመመረቂያ ጽሑፋችንም እዚያ ይቀመጣል ተባልን። ስሙ ቢያምርም ነገሩ ደመና አይደለም፤ ባሕር ማዶ በታላላቅ ቤቶች ውስጥ ሌት ተቀን የሚሠራ የሰው ኮምፒዩተር ነው። ባለቤቱም እስከዚህ ድረስ በነፃ አስቀምጥ፥ ከዚያ በላይ ግን ክፈል ይላል፤ መብቱ ነው። እኔን ብዕር ያስነሣኝ እኛ እንግዶቹ የቤቱን ደንብ ሳንጠይቅ ዕቃችንን ሁሉ እዚያ አራግፈን መተኛታችን ነው።

አንድ የአገሬ ልጅ ባለፈው ዓመት ወደ ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክቶ መልስ ይጠባበቅ ነበር። የኢሜይል ሣጥኑ ሊሞላ መቃረቡን የሚናገረው ማስጠንቀቂያ በየቀኑ ብቅ ይልለታል፤ እርሱም እንደ ሎተሪ ማስታወቂያ ይዘለዋል። ሣጥኑ ጢም ሲል መላክም መቀበልም ያቆማል። ለባለ ሣጥኑ «ደብዳቤ መጥቶልህ ነበር» የሚለው የለም፤ የተመለሰውን ደብዳቤ የሚያየው ላኪው ብቻ ነው። ልጁ በሌላ ሰው በኩል ወሬውን ሰምቶ ሲሯሯጥ የመልስ መስጫው ቀን ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። ዘንድሮ ሐሙሲት ተቀምጦ እንደ ገና አመልክቷል።

ሣጥኑን የሞላው ምን ነበር ቢሉ ደብዳቤ አይደለም። ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለጂሜይል፥ ለድራይቭና ለፎቶ በአንድነት ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ወደ ጎግል ፎቶ የሚገባው አዲስ ሥዕልና ቪዲዮ ሁሉ ከዚሁ ይቈጠራል። ስለዚህ የጥቁር ሰሌዳ ፎቶግራፍ፥ የሠርግ ቪዲዮ፥ አንድ ሰው ለ60 ተማሪ የበተነው የትምህርት ወረቀት ተደራርበው ጠቃሚውን ደብዳቤ በር ላይ ያስቆሙታል። ከኮታው በላይ ሆኖ ሁለት ዓመት የቈየ፥ ወይም ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤቱ ያልጐበኘው ሒሳብ ይዘቱ ሊጠፋ እንደሚችልም በደንቡ ተጽፏል። ዩኒቨርሲቲ የሰጠን አድራሻም ቢሆን የትምህርት ቤቱ እንጂ የእኛ አይደለም፤ ከተመረቅን በኋላ ቢዘጋ ማንን እንከሳለን?

ታዲያ ብዙዎቻችን የምናውቀው መድኀኒት መሰረዝ ብቻ ነው። በእርግጥ ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆኑትን ፈልጎ መጣል ሣጥኑን ቶሎ ያቀለዋል። የተጣለውም በቆሻሻ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ቦታ ይዞ ስለሚቈይ መጣያውን ራሱን ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከመጣል በፊት መቅዳት ይቀድማል።

መቅዳቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ተንደርበርድን የመሰለ ፕሮግራም በላፕቶፑ ላይ ጭኖ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ተደርድረው ሲያይ «ወደ ቤቴ ገቡልኝ» ይላል። ፕሮግራሙ አይማፕ በሚባለው መንገድ ከተገናኘ ግን በላፕቶፑ ላይ የሚታየው የሩቁ ሣጥን ጥላ ነው፤ ከስልክ ላይ ሲሰረዝ ከዚህም ይሰረዛል። ደብዳቤው በእውነት የእርስዎ የሚሆነው በፕሮግራሙ ውስጥ ለኮምፒዩተሩ ብቻ ወደ ተመደበው ፎልደር ሲገለበጥ ነው። ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማውረድ ደግሞ የጎግል ቴክአውት አለ፤ ደብዳቤውን ብቻ መርጠው ሲያዝዙት ጠቅልሎ ማውረጃ ሊንክ ይልካል። ሊንኩ ከ7 ቀን በኋላ አይሠራምና ሰው ሁሉ ተኝቶ ኔትወርኩ ቀለል በሚልበት ሌሊት ቶሎ ማውረድ ነው። አራትና አምስት ለሆኑ አስፈላጊ ደብዳቤዎች ይህ ሁሉ ድካም አያሻም፤ እያንዳንዱን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይበቃል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «በዚህ ዘመን ማን ዕቃ በቤቱ ያከማቻል?» ይሉኛል። እንዲህ የሚል ሰው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አማራ ክልል አልነበረም ማለት ነው። ያን ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቀረ። የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ አማካሪው የሰጠው እርማት በኢሜይል ብቻ ያለው ተማሪ ስልኩን ይዞ ሰማይ ሰማይ ከማየት በቀር ምን ያደርጋል? በላፕቶፑ ቅጂ የነበረው ግን መብራት በመጣች ቍጥር ሥራውን ይቀጥል ነበር።

የእኛ አገር ሰው በሌላ ሰው ቤት የተቀመጠ ጽሑፍ ምን እንደሚሆን ማወቅ የነበረበት ቀድሞ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱት 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ አብዛኞቹን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው፥ ለንደን ላይ በደኅና ተጠብቀዋል። ይሁን እንጂ የደብረ ታቦር ተማሪ ሊያነባቸው ቢፈልግ በዚያው ቤት ደንብና ፈቃድ ነው። ኢሜይልን ከብራና ጋር ማወዳደሬ ያስቃችሁ ይሆናል፤ እኔንም ትንሽ አስቆኛል።

በቤት ያለውም ቅጂ ጠላት አያጣም። ፍላሽ ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ገጽ አሳትሞ ሲመለስ ፎልደሩ በሙሉ ሾርትከት ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ለማሳተም የሚዞረው ፍላሽ ሌላ፥ ደብዳቤ የሚቀመጥበት ሌላ መሆን አለበት። እኔ አንዱን ቅጂ በላፕቶፔ ይዤ ሁለተኛውን ለአባቴ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ይህች ጣት የምታክል ነገር ስንት ደብዳቤ ትይዛለች?» ብለው ጠየቁኝ። አራት ሺህ ያህል አልኳቸው። ዝም ብለው በፌስታል ጠቀለሏትና ከመሬት ደብተሩ ጋር ሣጥን ውስጥ አስገብተው ቈለፉባት።