ኩበቱ ወደ ማሳ ወይስ ወደ ምድጃ?

ስለ ግብርና ዘገባ ስንነጋገር አንድ የክፍላችን ልጅ «የኮምፖስት ዜና ሁሌም አንድ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ይቀያየራል» ብሎ አሳቀን፡፡ እውነቱን ነው፡፡ ይህን ያህል ሜትር ኪዩብ ኮምፖስት ተዘጋጀ፣ ይህን ያህል አርሶ አደር ተሳተፈ፤ አለቀ፡፡ ክምሩ ማሳ ደረሰ ወይ? ስንዴው ምን ሆነ? የሚጠይቅ የለም፡፡ እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ስንዴና ገብስ ከሚዘራ ቤት ነው፡፡ ለእኔ ዜናው የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው፡፡

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ (ጋዜጠኛ ሒሳብ አይወድም ቢባልም)፡፡ አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፡፡ በደንብ የተብላላ ደረቅ ኮምፖስት ግን በኩንታል አንድ ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቢሰጥ ነው፡፡ ስለዚህ የአንድ ኩንታል ዩሪያን ናይትሮጅን በኮምፖስት ብቻ ለማግኘት 40 ኩንታል ገደማ ያስፈልጋል፡፡ ያውም በመጀመሪያው ዓመት ለስንዴው የሚደርሰው ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ነው፤ ቀሪው ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው፡፡ አህያ በአንዴ ግማሽ ኩንታል ብትጭን 80 ምልልስ ሆነ ማለት ነው! ለዚህ እኮ ነው ፍጉ ሁሉ ጓሮ ጎመንና ድንች ላይ የሚቀረው፡፡ ሩቁ ማሳ ፍግ አይቶ አያውቅም፡፡

ታዲያ ዩሪያው ብቻ ይበቃል? አይበቃም፡፡ ገለባው ለከብት ከሄደ፣ እበቱም ከነደደ አፈሩ የሚበላው የለውም፤ ውኃ መያዝ ያቅተዋል፡፡ ደረቅ መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ ደግሞ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይበናል፣ ዝናብ ሲበዛም ታጥቦ ይሄዳል፡፡ ባለሙያዎቹ ሁለቱን አጣምሩ የሚሉት ለዚህ ነው፡፡ ኮምፖስቱ ከመዘራቱ በፊት ከአፈሩ ጋር ይታረሳል፤ ኤንፒኤሱ (የእኛ ሰፈር ሰው በ2007 ዓ.ም. አካባቢ የተተካውን «ዳፕ» እያለ ነው የሚጠራው) ከዘሩ ጋር ይገባል፤ ዩሪያው ተከፍሎ ገሚሱ ከመጀመሪያው አረም በኋላ አፈሩ እርጥብ ሲሆን ይጨመራል፡፡ ፍግ ያገኘ ማሳ ዩሪያው ቢቀነስለትም ይችላል፡፡ እንዲያውም ከልክ ያለፈ ዩሪያ ስንዴውን ያጋሽበዋል፡፡

ይህ ነገር ለቤተሰቤ የወሬ ጉዳይ አይደለም፡፡ በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን እጥረት ሲፈጠር ገበሬው ምን ያህል በጂቡቲ ወደብ ላይ እንደተንጠለጠለ ሁሉም አየው፡፡ አባቴም ያኔ ነው ፍግ ማጠራቀም የጀመረው፡፡

ችግሩ እናቴ ናት፡፡ ችግር ማለቴ እንኳ አይደለም፣ እሷም እውነት አላት፡፡ የእኛ አገር ብርድ ነው፣ እንጨትም ውድ ነው፤ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው፡፡ የተረፈውን ገበያ አውጥታ ትሸጣለች፡፡ የእኔ ደብተርና የትራንስፖርት ብር ከዚያ የመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፡፡ አባባ ጉድጓድ ሲቆፍር አይታ «እሺ፣ እበቱን ለስንዴው ሰጠነው፤ እንጀራውን በምን ልጋግረው?» አለችው፡፡ መልስ አልነበረውም፡፡ የልማት ሠራተኛውም አልነበረውም፣ ስለ ኮምፖስት በሰማኋቸው ዜናዎች ውስጥም ሰምቼው አላውቅም፡፡ ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሺየሙ ግን አብዛኛው አመዱ ላይ ይቀራል፡፡ ይህን ስነግራት አመዱን መድፋት ትታ ለጓሮው ማጠራቀም ጀመረች፡፡

አሁን ነገሩ በስምምነት ነው የሚሄደው፡፡ የክረምቱ እበት ስለማይደርቅ ለጉድጓዱ፣ የበጋው ለኩበት፡፡ ቤት አጠገብ ያለው ግማሽ ጥማድ ስንዴ ኮምፖስትና የተቀነሰ ዩሪያ ያገኛል፤ ወንዝ ማዶ ያለው ማሳ ዩሪያና ኤንፒኤስ ብቻ፡፡ አባባ የሁለቱን ምርት ለየብቻ እንዲወቃልኝ ለምኜዋለሁ፡፡ እሺ ብሏል፤ እናቴ ግን ስፍሩን እኔው ነኝ የምሰፍረው ብላለች፡፡